ታንኳዎቹን የጠራችው ፒካፕ

የጎረቤቴ ልጅ የመኪናውን በሮች ከፍቶ ሙዚቃ በለቀቀ ቁጥር የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ልጁ ክፉ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን አጥቦ ወልውሎ አዲስ ያስገጠመውን ድምፅ ማጉያ ይሞክራል። ባለፈው ጊዜ ወጣሁና «በሩ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቅበት፤ የሚንጫጫው ቆርቆሮው ነው» አልሁት። ሳቀብኝ። «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ይህን ከየት አወቁት?» አለኝ። ተመልሼ ገባሁ። በሬን ዘግቼ ስቀመጥ የተቃጠለ ሽቦ፣ ጥጥና ዓሣ ሸተተኝ። እነዚህ አንድ ላይ የሚሸቱበት ቦታ የአባቴ ፒካፕ ብቻ ነበር።

አባቴ ዓሣ ነጋዴ ነበር። ጧት ጧት ጣና ዳር ወርዶ ከአጥማጆች ዓሣ ይቀበልና ለባሕር ዳር ገበያና ለሆቴሎች ያደርሳል። ፒካፗን የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ አብሯት የመጣ ሬዲዮ ነበራት። ድምፁ የሚወጣው ከዳሽቦርዱ ሥር ከተሸጎጠች፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ ከምታክል ማጉያ ነበር። ዜና አንባቢው አፉን በመሐረብ ይዞ የሚያወራ ይመስላል። ለአባቴ እሱም በቂው ነበር። ያልበቃው ለወንድሜ ነው።

ወንድሜ ማትሪክ ወድቆ ቤት ተቀምጦ ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን ማትሪክ ወድቆ ቤት የተቀመጠ ጎረምሳ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን አናነሣውም። እሱ ቀኑን ሙሉ የሰፈሩን ሬዲዮ ሲጠግን ይውላል። አንድ ክረምት ከተዘጋ ቡና ቤት ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች፣ ከአስመራ ከመጣ ሹፌር ደግሞ የመኪና ካሴት ማጫወቻ አገኘ። አባቴ ለቅሶ በሄደበት ቀን የመኪናዋን ሁለት በሮች ቀደዳቸው።

አባቴ ሲመለስ ነጠላውን ሳያወልቅ ጮኸ። «መኪናዬን ወንፊት አደረግኻት! ዓሣ ልጫንባት ወይስ ዱቄት ልንፋባት?»

ወንድሜ ካቻቢቴውን በጥርሱ እንደያዘ ከጋቢናው ሥር ወጣ። «አባባ፣ እስቲ መጀመሪያ ይስሙት።»

መጀመሪያ የሰማው አላስደሰተውም። ሞተሩ ሲነሣ ሙዚቃው ውስጥ የንብ መንጋ የገባበት ይመስል ነበር። በሮቹም ይንጫጫሉ። አባቴ «ለዚህ ነው መኪናዬ የተቀደደችው?» ብሎ ገባ። ወንድሜ አልተከራከረም። ከባትሪው በቀጥታ ሌላ ሽቦ ዘረጋ፤ ዝገቱን ፍቆ ሽቦውን ከመኪናዋ አካል ጋር አጥብቆ አሰረ። አክስታችን ከምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያመጣችለትን ብጥስጣሽ ጥጥ በሮቹ ውስጥ ጠቀጠቀ። የሽቦው ጭስ ጓሮውን ሞልቶት ነበር፤ እኔ ፋኖስ የመያዝ ሥራ እንኳ አልተሰጠኝም፤ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አሾፍበታለሁ። በመጨረሻ ከአንድ ሰርግ ቤት ራሱ የቀዳውን የማሲንቆ ካሴት ከተተው። አዝማሪው ትንፋሽ ሲስብ እንኳ ተሰማ። አባቴ ከቤት ወጣ፤ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠ፤ ዘፈኑን እስኪያልቅ ሰማው። ከዚያ «እስቲ ድገመው» አለ።

ወንድሜ በዚህ አላበቃም። ከዋንዛ ጣውላ ሳጥን ሠርቶ፣ ሌላ ማጉያ ገጥሞበት ከመኪናዋ ኋላ ጫነው። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ነጋዴዎች ዳር ላይ ይሻማሉ፤ አጥማጆቹ ደግሞ መሀል ውኃ ላይ ሆነው ማን እንደመጣ አያውቁም። አባቴ መኪናዋን ጀርባዋን ወደ ሐይቁ አዙሮ ካሴቱን ሲለቀው ድምፁ በውኃው ላይ እየተንሸራተተ ሩቅ ይሄድ ጀመር። ታንኳዎቹ አፍንጫቸውን ያዞራሉ። ፀሐይዋ በርትታ ዓሣው እንዳይበላሽበት ሲሰጋ ክላክሱን ይጨምርበታል፤ ቶሎ በሉ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ እየተሽቀዳደሙ ይቀዝፋሉ። ሌሎቹ ነጋዴዎች በቅናት አረሩ።

አባቴ ሲበዛ ጉራ ይወድ ነበር። ይህን የምለው እየወደድሁት ነው፤ እየጠላሁትም ነው። መኪናዋ ለሰርግ መጠራት ጀመረች። የቀበሌው ሊቀ መንበር እህቱን ሲድር ሙዚቃው የእኛ ነበር። አባቴ ጠጅ ይዞ ከአንድ ካድሬ አጠገብ ተቀምጦ፣ ታንኳዎቹ በዘፈን እንዴት ተጠርተው እንደሚመጡ በእጁ እየቀዘፈ አሳየው። «እንደ ጫጩት ነው የሚሰበሰቡልኝ!» አለ። ካድሬው ከልቡ ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አፈሳው መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ እየታፈሰ ይወሰድ ጀመር። አባቴ ወንድሜን ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ደንገሉ ከበዛበት ዳርቻ ለሚኖር ለአንድ ሽማግሌ አጥማጅ ሰጠው። ወንድሜ እንደ አጥማጆቹ ቡትቶ ለብሶ፣ በታንኳ ወጥቶ ይውላል። ካድሬዎቹ ሲመጡ ውኃ ላይ ነው፤ ማን ያገኘዋል? አባቴን የሚያየው ጧት ዓሣ ሲቀበል ነው። ሙዚቃው ሲሰማ ከአጥማጆቹና እንደ እሱ ከተሸሸጉት ልጆች ጋር እየቀዘፈ ይመጣል፤ ዓሣ እያወረደ «እናቴ ደኅና ናት?» ይላል፤ አባቴም ዓሣ እየመዘነ «ደኅና ናት» ይለዋል። እናቴ «የቀበሌው የምልምል ኮታ እስኪሞላ ድረስ ይህችን ታህል ሰላምታ ከአፉ ከተቀበለልኝ ይበቃኛል» ትል ነበር።

አንድ ጧት እናቴ ለወንድሜ ታጥቦ የደረቀ ልብስ አስይዛ ላከችኝ። ዳር ላይ፣ ሾላ ሥር ተቀመጥሁ። ሐይቁ ፀጥ ብሎ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ሙዚቃውን የሰማሁት መኪናዋን ሳላይ ነው። አባቴ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። መኪናዋ ስትደርስ ግን ሚዛኑ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል። ያ የሰርጉ ካድሬ ነው። ከኋላ፣ ከሳጥኑ ጎን፣ የዓሣው ሸራ ተዘርግቷል፤ ሸራው ግን ከወትሮው አብጧል።

ጋቢናው ውስጥ የሆነውን አባቴ የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንዴ ብቻ ነው። ለስብሰባ ቅስቀሳ ትፈለጋለህ ብለው ከቀበሌ ጠሩት። መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ካድሬው «ወደ ሐይቁ» አለው።

«ዛሬ ዓሣ አልገዛም።»

«ግድ የለም፣ እኛ እንገዛለን።»

አባቴ ማጫወቻው ካሴት ያኝካል አለ። «በሰርጉ ዕለት አላኘከም» አለ ካድሬው፤ በገዛ እጁ ከፈተው።

ታንኳዎቹ አፍንጫቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ አባቴ ክላክሱን ተጫነው፤ አልለቀቀውም። ሽሹ ማለቱ ነበር። እነሱ ግን ይህን ክላክስ ስንት ጧት ሰምተውታል! ፀሐይዋ በርትታለች፣ ቶሎ በሉ ነው የሚለው። መሽቀዳደም ጀመሩ። እኔም ተነሥቼ እጄን እያወናጨፍሁ ጮህሁ፤ ድምፄ ከማሲንቆው ሥር ቀረ። ወንድሜ ከፊት ከሚቀድሙት ታንኳዎች በአንዱ ላይ ነበር። አየኝ። ሰላም ያልሁት መስሎት መቅዘፊያውን አነሣልኝ፤ ይስቅ ነበር።

ታንኳው መሬት ሲነካ ሸራው ተገለጠ። የቀበሌ ጥበቃዎች ከነጠመንጃቸው ዘለው ወረዱ። አንዳንዶቹ ልጆች ወደ ውኃው ተመለሱ፤ ተጎትተው ወጡ። ወንድሜ አልሮጠም። ጠመንጃዎቹንም አላየም። ወደ ጋቢናው እያየ «አባባ?» አለ።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ መዝናኛ ተሠርቷል። ሰዉ ጃንጥላ ሥር ሆኖ ጭማቂ ይጠጣል። ልጆቼ አንድ ቀን እዚያ ምሳ እንጋብዝሽ ቢሉኝ ተቆጣኋቸው። ለምን እንደተቆጣሁ አልነገርኋቸውም።

ልጆቹ የተጫኑት እዚያችው ፒካፕ ላይ ነው፤ ወንድሜ የሠራውን ሳጥን ከብበው ተቀመጡ። የሽማግሌው አጥማጅ ልጅም ነበረበት። ካድሬው ከመግባቱ በፊት ጣራዋን መታ መታ አድርጎ «ግሩም ድምፅ ነው» አለ። አባቴ ካሴቱን ዘጋው፤ አሁን ማንም አልከለከለውም። ልጁን ወደ ቀበሌው የነዳው ራሱ አባቴ ነው።

ከዚያ በኋላ አጥማጆቹ ዓሣ አልሸጡለትም። አልሰደቡትም፤ ሲመጣ ዝም ብለው ታንኳቸውን ወደ መሀል ይገፋሉ። አሸዋ ማመላለስ ያዘ። እናቴ ቤቱን አልለቀቀችም፤ ግን ምግቡን ታቀርብለትና ትወጣለች፤ ከግድ ነገር በቀር አታናግረውም። እሱም ለምን አላላትም። ወንድሜ አንዴ ብቻ ቃል ላከ። እጁ የተቆረጠ ወታደር ከሰሜን መጥቶ በራችንን አንኳኳና «ለአባቱ ንገርልኝ ብሎኛል፤ የቀኙ በር ሽቦ ኮረኮንች ላይ ይላቀቃል፤ ያጥብቀው አለ» አለን። አባቴ ካቻቢቴ ይዞ ወጣ። ብዙ ቆየ። ብቅ ብዬ ሳየው ሽቦውን አጥብቆ ጨርሷል፤ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ያለቅሳል።

መንግሥት በተለወጠ ጊዜ የተበተነው ጦር በጎንደር መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይገባ ጀመር። በእግር ነው የሚመጡት፤ እግራቸው አብጧል፤ ብርድ ልብሳቸውን በገመድ አንግተዋል። አባቴ መኪናዋን አባይ ድልድይ አጠገብ አቆማት፤ በሮቿን ከፈተ፤ ሳጥኑን ወደ መንገዱ አዞረው፤ ከዚያ ጧት ወዲህ ተከፍቶ የማያውቀውን ካሴት ከፈተው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሳትጠራ አብራን መጥታ ነበር። ዳቦና ውኃ ታድላለች፤ የእያንዳንዱን ፊት አተኩራ ታያለች።

አንድ ከሲታ ወታደር ቆሞ ሳጥኑን በእጁ ዳሰሰው። «አባባ፣ ማን ሠራልዎ? እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።»

«ልጄ ነው» አለ አባቴ። «አሁን ይመጣል። ድምፁን ያውቀዋል።»

ወታደሩ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ ሄደ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አዝማሪው ይጎትት ጀመር፤ ባትሪው አልቋል። ዘፈኑ ቆመ። ሞተሩም ቢሞከር አልነሣ አለ። መንገድ ላይ የነበሩ ወታደሮች ይህን አይተው ጓዛቸውን አስቀመጡና ሊገፉልን ቀረቡ።

«ተዉ ልጆቼ፣ እናንተ ሂዱ» አለቻቸው እናቴ። «የሚጠብቋችሁ አሉ።»

ከዚያ ከጎኔ መጥታ መዳፏን መኪናዋ ላይ አሳረፈች፤ ሁለታችን መግፋት ጀመርን። አባቴ መሪውን ይዟል፤ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ከኋላችን የቀረውን መንገድ ያያል። መኪናዋ ወደ ቦዩ ዘመመች።

«አንተ ፊት ፊትህን እይ» አለችው እናቴ። «ኋላውን እኔ አየዋለሁ።»

አንገቱን መለሰ። ቤት እስክንደርስ ገፋናት፤ እናቴም በየጥቂቱ ዞር እያለች ታይ ነበር።