ወረቀቱ ስለ ልጄ የጠየቀኝ

ትንሿ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አንዲት ቃል እንኳ አልተናገረችም ነበር። አርባን ካለፍኩ በኋላ የመጣች ልጅ ናት። ወንድሞቿና እህቷ በዚያ ዕድሜያቸው በወሬ ጆሮ አያስተርፉም ነበርና ዝምታዋ ያስፈራኝ ጀመር። ለአማቴ ብነግራቸው፣ «አባቷስ መቼ ቶሎ ተናገረ? አሁን ማን ዝም ያሰኘዋል?» ብለው ሳቁብኝ። ባሌም አብሮ ሳቀ። እኔ ብቻዬን ፈርቼ ቀረሁ።

ለፋሲካ ደብረ ብርሃን የምትማረው ትልቋ ልጄ መጣች። ስለ ልጆች አስተዳደግ የተሠራ ጥናት ከመምህሯ አግኝታ፣ እንዲገባኝ ብላ በአማርኛ ጽፋልኛለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የማነብ። አነበብኩት። ተናደድኩ።

ልጅዎ ደረጃ ትወጣለች ወይ ይላል። የኛ ቤት ደረጃው የት አለና? የሥዕል መጽሐፍ ላይ በጣቷ ታመለክታለች ወይ ይላል። ቤታችን ያለው መጽሐፍ ዳዊት ነው፤ እሱም ልጅ እንዳይነካው ተብሎ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

«ይሄን የጻፈ ሰው መንዝን አይቶ ያውቃል?» አልኳት።

«እማ፣ ደረጃ ከሌለ መደብ ላይ ትወጣለች ወይ ብለሽ ጠይቂዋ።»

«መደብማ ትወጣለች።»

«እሱን ጻፊው። እነሱ ብዙ ልጆች አይተው ነው የጻፉት፤ ያንቺን ልጅ ግን አላዩም። የምታያት አንቺ ነሽ።»

ደብተር ትታልኝ ሄደች። የምታዪውን ሁሉ ጻፊ ብላ ሥራ ጨመረችልኝ።

ወረቀቱ ልጅን ፊቷን እያያችሁ አውሯት ይላል። ይሄም አበሸቀኝ። እኛ ልጅ በጀርባ አዝለን፣ የጠጉር ባና ደርበን ነው የምንውለው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሕፃን ጋር የሚያወራ ማን አለ? ግን ሌላ መላ አልነበረኝም። የበግ ጠጉር ስፈትል ከፊቴ አስቀመጥኳትና፣ «ይሄ እንዝርት ነው። ይሄ ጠጉር ነው» እያልኩ ጮክ ብዬ አወራላት ጀመር። ጎረቤቴ ደጅ ቆማ ሰማችኝ።

«እትዬ፣ ለማን ነው የምትሰብኪው?»

«ለበጓ» አልኳት።

ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ ቃል የለም። ወረቀቱ እስከ መቼ እንደምለፈልፍ አይናገርም። በንዴት ደብተሩን እሳት ውስጥ ልጨምረው ብዬ አንስቼ፣ ከመጣሌ በፊት አገላበጥኩት። «ሳወራት አፌን እንጂ ዓይኔን አታይም» ብዬ ጽፌያለሁ። «ከፊቷ ሆኜ ስጠራት ትመጣለች። ከኋላዋ ስጠራት አትመጣም» ብያለሁ። ይሄኛውን ሦስት ቦታ ጽፌዋለሁ። በገዛ እጄ ጽፌው ልብ አላልኩትም ነበር።

ከኋላዋ ሄጄ የድስት ክዳን ጣልኩ። ውሻው ደንግጦ ወጣ። እሷ ዞር አላለችም።

ትልቋ ጋ ደወልኩ። «ወረቀትሽ ልጄ ደንቆሮ ናት አለኝ።»

«እንዲህ አይልም እማ። ጆሮዋን አሳዪ ነው የሚለው። ነገውኑ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።»

በማግሥቱ ስንነሳ አማቴ ተቆጡ። «በዚህ ንፋስ? ጆሮዋን ብርድ ሊመታት?» ብለው የበግ ጠጉር በቅቤ ነክረው በሁለቱም ጆሮዋ ወተፉላት። እኔም አልከለከልኳቸው፤ ከተወለደች ጀምሮ ብርድ ባለ ቁጥር የማደርገው ነው። ማታ ሳጣው ወድቋል ብዬ፣ ጠዋት ሌላ እጨምራለሁ።

ጤና ጣቢያው ያለው ወጣት ባለሙያ ጆሮዋን በመብራት አየ። «እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የዛሬው ነው» አልኩት።

አወጣው። ደግሞ አየ። «የዛሬውስ ይሄው። ከኋላው ያለውስ?»

ጠብታ ጨምሮ ብዙ አስጠበቀን። ከአንዱ ጆሮ እንደ ፍየል በጠጥ የጠቆረና የደረቀ የጠጉር ውታፍ ወጣ። ከሌላው ሁለት ወጣ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያዘገያት ይሄ ብቻ ይሁን አይሁን ገና አላውቅም። ደብረ ብርሃን መስማቷ ይለካ። ለመሆኑ አምጫት ያለሽ ማን ነው?»

ደብተሩን ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው አነበበውና መለሰልኝ። «እዚያም ይሄን አሳዪያቸው» አለ።

መናኸሪያው ጋ እንደለመድኩት ወደ ፊቷ ጠጋ ብዬ «ይሄ መኪና ነው» ስላት፣ ፊቷን አጨማዳ በሁለት እጇ ጆሮዋን ያዘች። ለካ እስከዛሬ የማወራት እየጮህኩ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ደገምኩላት። እጆቿን አወረደች።

አዝያት ቤት ስደርስ አማቴ ከበረቱ በኩል፣ ከኋላችን፣ «ምን አሉሽ?» አሉኝ። እኔ ሳልዞር የልጄ ጭንቅላት ጀርባዬ ላይ ሲዞር ተሰማኝ።

ዞርኩ። አማቴ ቅቤ የነካ የበግ ጠጉር በጣታቸው ይዘዋል።

«ይጣሉት» አልኳቸው። እንዲህ ብያቸው አላውቅም።

ልጄ አሁንም አልተናገረችም። ደብረ ብርሃን የምንሄደው ሰኞ ነው። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ደብተሩ ላይ ግን፣ «ከኋላ ሲጠሩ ዞረች» ብዬ ጽፌያለሁ።