የወንበር ክንድ የሚያወርደው ሰውዬ

እንደሚወራው ከሆነ፣ በመሥሪያ ቤታችን ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል የሚሠራው የወንበር ጠጋኝ የሚባረሩ ሰዎችን ስም ዝርዝር ከሁላችንም ቀድሞ ያያል። ካየ በኋላ ሰው ምሳ በወጣበት ሰዓት መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ሹልክ ብሎ ይገባና የባለተራውን ወንበር ክንድ አንድ ነገር ያደርገዋል። ባለተራው ከምሳ ተመልሶ ክርኑን ሲያሳርፍ የወንበሩ ክንድ ዷ ብሎ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ከዚያ ቢበዛ አሥራ አምስት ቀን ነው። ደብዳቤው ይመጣል።

በሬ ወለደ ነው። አንደኛ ነገር፣ በእኛ መሥሪያ ቤት ዝርዝር የሚባል ነገር በጊዜው ደርሶ አያውቅም፤ የዓመት ፈቃድ ተረኞች ስም እንኳ የሚለጠፈው ተረኞቹ ፈቃዳቸውን ጨርሰው ከተመለሱ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ለማባረር ወንበር ማማከር ምን አስፈለገ? ይህን ሁሉ እያወቅን ግን ጠዋት ጠዋት ከመቀመጣችን በፊት የወንበራችንን ክንድ በመዳፋችን ጫን አድርገን እንሞክራለን። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በኮሪደሩ ያለፈ እንግዳ፣ ሦስት መቶ ሠራተኛ ወንበሩን ሲደባብስ አይቶ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ወንበር ማባበል ይመስለዋል።

ሰውየውን ክርን እንለዋለን። ስሙን የሚያውቅ አለ ከተባለ ሚስቱ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠራው። ክርን የተባለው ሰው ሲያገኝ ፊት ስለማያይ ነው። ሰላም ሲልህ ዓይኑ ትከሻህ ላይ ነው፤ ከትከሻህ ወርዶ ክርንህ ላይ ይቆማል። «ፊት ይዋሻል» ይላል፣ «የትከሻን ውሸት ግን እስካሁን አላየሁም።» ትከሻህ ሳይነሣ ሳይወድቅ፣ ክርንህ እንደ በር ማጠፊያ ቀጥ ብሎ ታጥፎ፣ ክንድህ ያለ ልፋት የሚያርፍበት አንድ ቦታ አለ። እሱ የኖረው ያንን ቦታ ለሰው ሲፈልግ ነው። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የስንቱን አንገት ሕመም በመፍቻ እንዳዳነ እግዜር ይወቀው፤ አንዳንዶች ሐኪም ቤት ሄደው ሐኪሙ ራሱ «ወንበር ጠጋኛችሁን አምጡልኝ» እንዳለ ይምላሉ።

አባቱ አናጢ ነበሩ። የሳቸው ወንበር ክንድ አንዴ ከተመታ ተመታ ነው፤ የሚወርድ የሚወጣ ክንድ ሲያዩ «ቃሉን የማይጠብቅ ሰው» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ልጅየው ግን በጉብዝናው ዘመን የበር ቁልፍ ፋብሪካ ተቀጥሮ ጥርስና ምላስ የሚባለውን ነገር ተማረ። የእኛን ወንበሮች የከፈተ ቀን ቁልፍ ያየ መሰለው።

የወንበሩ ክንድ ሆዱ እንዲህ ነው። በውጭ የሚታየው እጅጌ የመሰለ ፕላስቲክ ነው። በውስጡ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ብረት ቆሟል፤ ስፕሪንግ ከኋላ እየገፋው ጥርሱን የሚነክስ ትንሽ ምላስም አለ። ክንዱን ወደ ላይ ስትስበው ምላሱ ከጥርስ ወደ ጥርስ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይዘላል። ወደ ታች ስትጫነው ጥርሱ ይይዘዋል፤ ከነዘመድ አዝማድህ ብትቀመጥበት አይወርድም። የመጨረሻው ጥርስ ላይ ሲደርስ ግን አንዲት ጉብታ አለች፤ ምላሱን ወደ ውስጥ ገፍታ ታስቀረዋለች። ያን ጊዜ ክንዱን የሚይዘው ነገር የለም፤ አንድ ክርን ሲያርፍበት ተንሸራቶ እስከ ሥሩ ይሄዳል። ሥሩ ላይ ያለችው ሌላዋ ጉብታ ምላሱን ትለቀዋለች፤ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

«መውረድ የፈለገ መጀመሪያ እስከ ጫፍ መውጣት አለበት» ይላል ክርን፤ «ይህን የፈለሰፈው ሰውዬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቷል።»

ወሬው የተነሣው ከግዢ ኃላፊው ነው። የወንበሩ ክንድ ሲወርድ አብሮ ወርዶ አገጩ ጠረጴዛው ላይ ተተከለ፤ በዘጠነኛው ቀን ከኃላፊነቱ ተነሣ። ቀጥሎ የሕዝብ ግንኙነቱ፤ በስልክ «ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው» እያለ ሲያስረዳ የግራው ክንድ ወረደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ሦስተኛዋ የስምሪት ኃላፊዋ ሁለቱም ክንዶች በአንድ ቀን ወረዱባትና ደብዳቤውን ሳትጠብቅ ዕቃዋን በካርቶን ሰብስባ ሄደች። ሁለት ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባላል፤ ሦስተኛው ላይ ግን እንኳን ሰው ወንበሩም ጠረጠረ።

የሒሳብ ክፍል ሰዎች የወንበራቸውን ክንድ በፕላስተር ጠመጠሙት፤ ወንበሮቹ ከመኪና አደጋ የተረፉ መሰሉ። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ክንዶቹን በመጋዝ ቆርጦ ቤቱ ወሰዳቸው፤ የሌለ ነገር አይወርድም ብሎ። የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ለሦስት ሳምንት ቆሞ ሠራ። ክርን «እንደምን አደራችሁ» ሲል የሰው እጅ ወደ ወንበሩ ክንድ ይሮጣል። ዝም ብሎ ካለፈ ደግሞ ይብሳል፤ ለምን ዘጋኝ እያሉ ማሰላሰል ነው።

ክርንም ነገሩ ከነከነው። ጥርስ በራሱ አይወጣም፤ ስለዚህ አንድ ሰው እያወጣው ነው። ደብተር ገዝቶ በየዓርቡ የእያንዳንዱ ወንበር ክንድ ስንተኛው ጥርስ ላይ እንደቆመ መዘገበ። በስድስተኛው ሳምንት ጥፋተኛውን አገኘው። ጥፋተኛው የአዳራሹ ደፍ ነው።

የስብሰባ አዳራሻችን የራሱ ወንበር የለውም፤ የነበሩት ለእድሳት ወጥተው በዚያው ቀሩ። ስለዚህ ስብሰባ የተጠራ ሁሉ የቢሮውን ወንበር ክንዱን ይዞ እየገፋ ይመጣል። ወንበሩ ጎማ ስላለው ኮሪደሩ ላይ እንደ ቅቤ ይሄዳል። አዳራሹ በር ላይ ግን ከፍ ያለ የእምነበረድ ደፍ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሰው ሁሉ ክንዱን ላጥ አድርጎ ያነሣዋል። ቀጭ፣ አንድ ጥርስ። ሲወጣም ላጥ፤ ቀጭ፣ ሁለት። በወር አንዴ ብቻ የሚሰበሰብ ሰው ጫፍ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። ሥራው ተበላሽቶ በየሁለት ቀኑ ለማብራሪያ የሚጠራ ሰው ግን በአሥር ቀን ጥርሱን ይጨርሳል። እንግዲህ ደብዳቤውንም የክንዱንም መውረድ ያመጣው ያው መጠራት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላመጣውም።

ክርን ደስ ብሎት ይህን ለዘበኛው ነገረው። ዘበኛው ከምሳ በፊት ለሰው ሁሉ ያደረሰው ግን እንዲህ ብሎ ነው፦ «ጋሽ ክርን ደብተር አለው። የሁላችንም ቁጥር ተጽፎበታል። እኔ ስድስት ላይ ነኝ።»

ክርን ተስፋ ሳይቆርጥ አዳራሹ በር ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ ወንበር በክንዱ ይዛችሁ ደፉን አታሻግሩ። ሰው ተሰብስቦ አነበበው።

«ደፉን አታሻግሩ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ አንዱ።

«ማን ነው የማይሻገረው? እሱን ጠይቅ» አለ የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ፣ እንደቆመ።

ቤቱ ገብቶም አላረፈም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያሉበት አንድ ክፍል ግማሹ የስፌት መኪናዋ፣ ግማሹ አልጋቸው ነው።

«እኔን እንኳ አትደብቀኝ» አለችው አንድ ምሽት።

«ምኑን?»

«ዝርዝሩን። ጎረቤታችን ባሌ አለበት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ባሏ የት ነው የሚሠራው?»

«ዳቦ ቤት።»

«ዳቦ ቤት ወንበር የለም እኮ። ቆመው ነው የሚጋግሩት።»

«እሱን ነገርኳት። እንግዲያው ቀድሞ ወርዷል ማለት ነው ብላ እያለቀሰች ሄደች።»

ክርን ሊስቅ ሲል አፈጠጠችበት።

«ስማኝ» አለችው፣ «ለጡረታህ አሥራ ሦስት ወር ነው የቀረህ። በሰላም ውጣ። ዛሬ በውርደት አውጥተውህ ያን ሁሉ ብረት ተሸክመህ ብትመጣ የት ታደርገዋለህ? ራሴ ላይ?»

«ማንንም አላወረድኩም እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና ክሩን በመርፌው ዓይን አስገባች። ቀና ሳትል፣ «አንድም ሰው?» አለች።

የሥራ አስኪያጁ ተራ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ክንዱ በብሎን የታሰረ አሮጌ ወንበር ነበራቸው። ባለፈው ሳምንት አዲስ መጣላቸው፤ የገጣጠመው ክርን ነው። ተላላኪው በየስብሰባው እየገፋ ደፉን ያሻግረዋል፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ የማይኖራቸው እንቅልፍ ሲወስዳቸው ብቻ ነው፣ ያውም በሕልማቸው አጀንዳ ያስጸድቃሉ ይባላል። ሰኞ ጠዋት ሁላችንንም ሰብስበው «ማንም ከቦታው አይነቃነቅም» ብለው ሊያጽናኑን ወደ ቀኝ ዘንበል ሲሉ ክንዱ ወረደ። እሳቸውም ወደ ቀኝ ወረዱ። ድምፁን ማይክራፎኑ አጉልቶ ለአዳራሹ አዳረሰው።

አንድም ሰው አልሳቀም። ሦስት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ዞሮ ያየው በቀኝ በኩል የተቀመጠውን ምክትላቸውን ነው። እሳቸው ሲነሡ የሚተካው እሱ ነዋ። ሥራ አስኪያጁም ከወንበሩ ጎን ቀና ሲሉ ሰው የሚያይበትን አዩ።

በማግስቱ ክርን ተጠራ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩና ከበሩ ላይ የተገነጠለው ወረቀት ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ መሐል፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ በስተግራ፤ ምክትሉ በስተቀኝ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሦስቱም ክንድ የሌለው ወንበር ላይ ነበሩ፤ ከካፌው ያስመጡት።

«ጋሼ፣ እንዳይፈሩ» አለች ኃላፊዋ። «እዚህ ጋ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቁጥር አለ፤ ከጎኑ ሰባት ተብሎ ተጽፏል። ከሰባት በኋላ ምንድን ነው?»

«ስምንት ነው። ከስምንት በኋላ ጥርስ የለም።»

«ይኸው አመነ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ጌታዬ፣ የወንበር ጥርስ ነው። ደፉ ጋ ሲደርስ ክንዱን ላጥ ሲያደርጉት...»

«ደፍ ደፍ አትበለኝ። እኔ ስንት ዓመት የመራሁ ሰው ነኝ፤ በደፍ ነው የምወድቀው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ምክትሉ ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፣ ሁሉን ይሰማል። «አንተን የሚነካህ የለም። አንድ ስም ብቻ ስጠኝ። አውርደው ያለህ ሰው ማን ነው? ስሙን ከሰጠኸኝ ክፍልህ ክፍልህ ነው፣ ለጡረታህም በክብር እሸኝሃለሁ። ካልሰጠኸኝ ቁልፉን እዚች ላይ አስቀምጥ።»

የምክትሉ ብዕር ቆመ። ክርን እንደ ልማዱ ፊቱን አላየውም፤ ትከሻውን አየው። ሁለቱም ትከሻዎች ጆሮው ሥር ደርሰዋል። ሁለት ልጅ አለው፤ ባለፈው ዓመት የአንገቱን ሕመም ያሻለው ክርን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሲያገኘው ሰላም ብሎት አያውቅም። አንዲት ስም ናት። የሚጠብቁትን ስም ቢላቸው አንድም ሰው አይገረምም፤ ምክትሉ ራሱም ይጽፋት ነበር።

ኃላፊዋ ረጋ ብላ «ጋሼ፣ ያስቡበት። አሥራ ሦስት ወር እኮ ነው» አለች። ታውቃለች ማለት ነው።

ክርን ኪሱን ዳበሰ። የክፍሉን ቁልፍ አውጥቶ፣ እንደ ዕቃው ሁሉ አቅጣጫውን አስተካክሎ፣ ደብተሩ ላይ አስቀመጠው።

«አሁንስ ትናገራለህ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እናገራለሁ። እሳቸውም ይጻፉት» አለ ክርን፤ ምክትሉ ብዕሩን አነሣ። «ዝርዝር የሚባል አይቼ አላውቅም። ስም የሰጠኝ ሰው የለም፤ እሳቸውም ሌላም። የግዢውን አላወረድኩም፣ የሕዝብ ግንኙነቱን አላወረድኩም፣ የስምሪቷን አላወረድኩም፣ እርስዎንም አላወረድኩም። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የአንድም ሰው ወንበር ክንድ ሰው እንዲወድቅበት ብዬ ነክቼ አላውቅም። የተወራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ውሸት ነው።»