ሁለተኛው ጉርሻ

ሰው ብስክሌት በመንዳት ብቻ ደመወዝ ይበላል ሲባል መካነ ሰላም ውስጥ ቶሎ ያመነ አልነበረም። ፖስታ ቢያመላልስ፣ ዕቃ ቢጭን፣ ደግ። ምንም ሳይጭን፣ ማንም ሳይልከው፣ ከከተማ ከተማ እየተሽቀዳደመ ለሚሮጥ ሰው ወር ጠብቆ የሚከፍል ማነው? ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ወሬውን የሰማ ዕለት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "ወላሂ፣ በቅሎዬ ባዶ ጀርባዋን ዳገት ብትወጣ ሰባራ ሳንቲም አልከፍላትም" እያለ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን በከተማው ከእሱ የባሰ የብስክሌት ደጋፊ አልተገኘም።

የለወጠው ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የአክስቴ ልጅ መሆኑን መስማቱ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀጥሮት፣ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ በብስክሌት ወረቀት ሲያመላልስ ቆይቶ፣ በኋላ ጉልበቱን አይተው ከፋብሪካው ቡድን ጨመሩት። ከደሴ የጀመረው ውድድር ደግሞ በሁለተኛው ቀን ከአቀስታ ተነስቶ፣ ያንን ሁሉ ኮረኮንችና ዳገት ጨርሶ፣ እኛ ከተማ ሊያልቅ ነው ተባለ። አብዮቱ እስከዚያ ድረስ ብዙ ነገር አምጥቶልን ነበር፤ ስብሰባ፣ ሰልፍ፣ መፈክር። ብስክሌት ሲያመጣ ያ የመጀመሪያው ነው።

እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም አክስቴ ቤት ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ እኔ ማሸነፍ እወዳለሁ። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ በካርታ ጨዋታ ከተሸነፍኩ ራት አይጣፍጠኝም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ላገኘሁት ሁሉ "አንደኛ የሚወጣው የእኛ ልጅ ነው" ብዬ ለፍፌ፣ ልቤ ቀድሞኝ ዳገቱ ላይ ወጥቶ ነበር። አክስቴ ግን ስለ አንደኛም ስለ መጨረሻም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የእሷ ጭንቀት ሌላ ነው።

ክፉው ቀን ሲመጣ አክስቴ ገና ገጠር ነበረች። ዝናቡ ቀረ፣ በሬዎቹ አለቁ፣ ባሏንም ቀበረች። የቀራት ያ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከአቀስታ በኩል ወደ ከተማችን የሚያስገባው ዳገት ላይ አንድ ጠምዛዛ ቦታ አለ፤ የጭነት መኪና ሲወጣም ሲወርድም እዚያ ሲደርስ ከእግረኛ እኩል ይሄዳል። አንድ ሾፌር ልጁን ደሴ ሊያደርስላት እሺ ስላላት ይዛው እዚያ ቆመች። ቤት ውስጥ ያገኘችውን የገብስ ዱቄት ብትጠፈጥፈው አንዴ የሚያጎርስ ቂጣ ወጣው፤ ሁለተኛ የለውም። መንገድ ዳር አጎረሰችው። መኪናው ሲመጣ አልሄድም ብሎ ቀሚሷን ያዘ። ጀርባውን በሁለት እጇ ገፍታ ጭነቱ ላይ ሰቀለችው።

እንግዲህ "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል" የሚባለውን የማያውቅ የለም። እንግዳ በቃኝ እያለ ሲግደረደር ሁለተኛውን ለመጠቅጠቅ የሚባል የማዕድ ጨዋታ ነው። ለአክስቴ ግን ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ልጁ ነፍሱ ተርፎ፣ ሥራ ይዞ፣ በየሾፌሩ እጅ ሳሙና ይልካል፣ ስኳር ይልካል፣ አንዴም ብርድ ልብስ ልኳል። ራሱ ግን አንድ ቀን አልመጣም። መልእክቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ፈቃድ አጣሁ፣ ለከርሞ እመጣለሁ።

"ተጣልቶኛል" ትለኛለች ስኳሩን ከእጄ እየተቀበለች። "አንዴ ብቻ አጉርሼ ሰደድኩት።"

"አክስቴ ሙች፣ የተጣላ ሰው ስኳር ይልካል?"

"ስኳርማ ለባዕድም ይላካል።"

እበሳጭባት ነበር። ስትበሳጭብኝ ደግሞ ደስ ትለኛለች፤ በቁጣ መሃል እንኳ ስኳሩን መጀመሪያ የምታቀምሰው እኔን ነው።

ውድድሩ ሊደርስ ባለበት ሰሞን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሕዝቡን ሰብስቦ ሕጉን አስረዳ። መንገድ ዳር ቆሞ መደገፍ ይቻላል፣ መፈክር ማሰማት ግዴታ ነው፤ ተወዳዳሪ መንካት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። የተገፋ ተወዳዳሪ ከውድድሩ ይሰረዛል። ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡ።

"እንዴት ያለ ሕግ ነው ይኼ? እኛ አገር ዳገት ላይ ያለከለከ ሰው ያየ፣ ወይ ሸክሙን ይቀበለዋል ወይ ከኋላ ይደግፈዋል። ቆሞ የሚያይማ ጠላት ነው።"

"አባቴ፣ እርስዎ የደገፉት እንደሆነ ልጁን አሰረዙት ማለት ነው። ጣትዎን እንዳያሳርፉ!"

"ማጉረስስ?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዘወር ስል አክስቴ ናት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሊቀ መንበሩ አልሳቀም፤ ሁሉን ነገር ከልቡ የሚይዝ ሰው ነበር። ትንሽ አሰበና፣ "ስለ ማጉረስ የተባለ የለም፣ እማማ። ግን በሩጫ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይጎርሳል?" አላት።

"ከቆመሳ?"

"እየመራ ለምን ይቆማል?"

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የውድድሩ ዕለት አክስቴ ያለቻትን አንዲት ዶሮ አረደች። ወጡን ሠርታ፣ እንጀራውን ፈትፍታ፣ አገልግል ውስጥ ከታ ክዳኑን ጠፈረችው። እኔን ውሃ የሞላ ጆግ አሸከመችኝና ወደዚያው ጠምዛዛ ቦታ ወረድን። አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ከየገጠሩ የመጣው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ቄሱም ሼኩም መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘውታል። ያ የስብሰባው ሽማግሌ እጃቸው ሳያስቡት እንዳይዘረጋ ብለው ሁለቱንም በጋቢያቸው ጠቅልለው ቆመዋል፤ እኩዮቻቸውም አይተው እንደሳቸው ተጠቀለሉ። ነጋዴው ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ስለ ውድድሩ ወሬ ይጠብቃል። ሬዲዮኑ ከማርሽ ሙዚቃ በቀር የሚለው የለውም።

የመጀመሪያው መኪና ጥሩምባ ከታች ሲሰማ አክስቴ፣ "አስታጥቢኝ" አለችኝ። ቀኝ እጇን በደንብ ታጠበችና ነጠላዋ እንኳ እንዳይነካው ወደ ላይ ቀስራ ያዘችው። ሊቀ መንበሩ በአጠገባችን ሲያልፍ መፈክር የምታሰማ መሰለው።

"እማማ፣ ግራዎን ነው የሚያነሡት!"

"ግራው ለእናንተ ይሁን፤ ቀኙን ለልጄ ነው የታጠብኩት" አለችው።

አቧራው መጣ። ከአቧራው ውስጥ ሁለት ሰዎች ወጡ፤ አንዱ የሌላ ፋብሪካ ልጅ፣ አረንጓዴ ማልያ የለበሰ፤ ሁለተኛው ነጭ ማልያ። ፊታቸው በአፈር ተለስኖ የማን ልጅ እንደሆነ አይለይም። እኔ ገና ቁጥሩን ለማየት ዓይኔን ሳጨነቁር አክስቴ፣ "ነጩ ነው" አለች። "አንገቱን ወደ ግራ ዘመም ያደርጋል፣ እንደ አባቱ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ሳስታውሰው ዛሬም ገላዬን ይወረኛል። "አብሽር! አብሽር!" ይላል የታችኛው፤ "አይዞህ የወንድ ልጅ!" ይላል የላይኛው፤ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል። ነጋዴው ሬዲዮኑን ለማያውቀው ሰው አስታቅፎ ከብስክሌቶቹ ጎን ሽርጡን ሰብስቦ ይሮጣል። የአክስቴ ልጅ ከኮርቻው ተነሥቶ ፔዳሉን ይረግጠው ጀመር። አረንጓዴው ተከተለ፣ ተከተለ፣ ከዚያ አልቻለም። መሃላቸው የአንድ ማሳ ያህል ተራራቀ። ከጠምዛዛው በላይ ያለው ዳገት አጭር ነው፤ እሱ ካለቀ ከተማው ድረስ ሜዳ ነው። አሸንፈናል ብዬ እንባዬ መጣ።

እኛ ጋ ሲደርስ ቀና አለ። ያቺን እርጥብ እጅ አያት። ፍሬኑን ያዘ።

ቆመ! አንድ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ብስክሌቱን ጭኑ መሃል ይዞ፣ እያለከለከ ቆመ። ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ አለ፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። አክስቴ አልሳመችውም፣ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ አገልግሉን ከፈተች፣ ጠቅለል አድርጋ፣ አፉ ውስጥ ከተተችው። ማኘክ ሲጀምር ሕዝቡ ነቃ።

"ሂድ! ሂድ እንጂ! መጣብህ!"

ከሁሉ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ከታች አረንጓዴው ብቅ አለ። ነጋዴው ራሱን ይዞ፣ "በአላህ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ በፈለግከው ሂድልን!" እያለ ይለምናል። አረንጓዴው አጠገባችን ደረሰ፣ ገርሞት ገልመጥ አደረገንና አለፈ። እኔ ጆጉን መሬት ላይ ወረወርኩት። የአክስቴ ልጅ የቀረውን ዋጠና እጁን ወደ መሪው መለሰ። አክስቴ እጇ አገልግሉ ላይ ቀርቶ ፊቱን ፊቱን ታየዋለች። ሁለተኛውን ግድ ልትለው ፈርታ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ እኔ የማውቃት አክስቴ ማንንም ሳትለምን የምትጠቀጥቅ ሴት ናት።

እሱ ግን አልሄደም። አንገቱን ወደ ግራ ዘመም አድርጎ አፉን ከፈተ።

ሁለተኛውን ስታጎርሰው ወጡ ጣቶቿ ላይ ወረደ። ሽማግሌው እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሌሎች ሁለት ብስክሌቶች እየተንሿሹ ሲያልፉ ዞር ብሎ ያያቸው የለም። ነጋዴው ራሱ መለመኑን ትቶ፣ "አልሐምዱሊላህ" ሲል ሰማሁት። እኔ ስለ አንደኝነቱ እያለቀስኩ ይሁን ስለ እነሱ አላውቀውም፤ ብቻ አለቅስ ነበር።

"ማታ እመጣለሁ እማዬ" አላት እያኘከ፣ ፔዳሉንም ረገጠ። ዳገቱ ግን ከቆመበት የሚያስነሣ አይደለም። ብስክሌቱ ተንገዳገደ፣ ወደ ኋላ ሊመለስም ዳዳው። ይህን ጊዜ አክስቴ ነጠላዋን ጣለችና ሁለት እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ ገፋችው። እየሮጠች፣ አፈር እየቦነነባት፣ ዳገቱ እስኪለዝብ ድረስ ገፋችው። ሊቀ መንበሩ መፈክሩን አቋርጦ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

አራተኛ ሆኖ ገባ። ከዳኞቹ መኪኖች አንዱም እኛ ጋ አልነበረም፤ ወሬው ግን ቀድሞ ደርሷል። ሰው ገፍቶታል ወይ ብለው ሲጠይቁ አገሩ ሁሉ ማንም አልነካውም ብሎ ሊምል ተነሣ፤ ሙስሊሙ በቁርዓኑ፣ ክርስቲያኑ በታቦቱ ሊምል አፉን ሲከፍት፣ ዳኛው ልጁን ይዞ አዞረው። ነጩ ማልያ ጀርባ ላይ አምስት ጣት ያለው የዶሮ ወጥ እጅ ታትሟል። ዳኛው ራሱ ሳቀ። ስቆ ስቆ ሰረዘው።

እኔ አልሳቅኩም። እየበረርኩ ወደ ጠምዛዛው ወረድኩ። ሰዉ ሁሉ ወደ ከተማ ወጥቶ እሷ ብቻዋን ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

"አሰረዝሽው!" ብዬ ጮህኩባት። "የገፋ ያሰርዛል ተብሎ አልነበረም? እጅሽን የት ነበር ያስቀመጥሽው?"

መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየው ነበር።

"ያን ጊዜ መኪናው ላይ ስገፋው እጄን የወጋው አጥንቱ ነበር" አለችኝ። "ዛሬ ጀርባው ሥጋ አለው።"

ከወረወርኩት ጆግ ውስጥ ትንሽ ውሃ ተርፎ ስለነበር ላስታጥባት ጎንበስ ስል እጇን ሰበሰበች። ልጇ ለራት እስኪመጣ ድረስ አልታጠበችም።