ሰባት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ

ባለቤቴ ሞላሌ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን የሶሲዮሎጂ መግቢያ ያስተምር ነበር። እኔም መምህርት ስለነበርኩ ከተማሪዎቹ አንዷ ነበርኩ። ሞጁሉ ለሦስት ሰው አንድ ነው የሚደርሰው፤ ምሳሌዎቹም ስለማናውቀው አገር ናቸው። ስለዚህ ትምህርቱን ከራሳችን ኑሮ ያወጣዋል። ገበያ ልኮን ማን ለማን ቀድሞ እጅ እንደሚነሳ አይተን የተመለስንበት ጊዜ ነበር።

የዝምድና ምዕራፍ ላይ ስንደርስ፣ «ሁለት ሰው ይውጣና ሰባት ቤቱን ይቁጠር» አለ።

«ሙሽሮቹ! ሙሽሮቹ ይውጡ!» ብሎ ክፍሉ ጮኸ። እሷ የመንዝ ልጅ፣ እሱ የግሼ፣ ሠርጋቸው ከፋሲካ በኋላ የተቆረጠ ነበር። እየሳቁ ወጡ። ጎን ለጎን ቆመው ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እየጻፉ ወረዱ። ሰባተኛው ላይ ሁለቱም አንድ ስም ጻፉ። ስም እንኳ ይመሳሰላል እንበል፤ የሰውየው የፈረስ ስምም አንድ ሆነ።

«መምህር፣ ዛሬስ ሠርግ አፈረሱ!» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ መምህር። አንድ ሰው ብቻውን ሳቀ። በእኛ አገር በሰባት ቤት ውስጥ ያገባ እህቱን እንዳገባ ነው። ቄስ አይባርከውም፤ አባትም ዳሱ ውስጥ አይቀመጥም።

ልጅቷ ፊቷን ሳታዞር፣ ባለቤቴን «ያጥፉት» አለችው።

ዳስተሩ በእጁ ነበር። «ባጠፋውም ወሬው ቀድሞሽ አባትሽ ዘንድ ይደርሳል» አላት። ወደ ልጁ ዞረ። «አባቴ ብለህ የጻፍካቸው የወለዱህ ናቸው?»

«ያሳደጉኝ ናቸው። የእናቴ አባት።»

«እናትህስ ታዲያ የት አለች?»

ልጁ ሰሌዳውን አየ። በአያቱ ስም ሲጠራ፣ እሳቸውንም አባባ ሲል ስላደገ እናቱን ዘሏት ነበር። በራሱና በአያቱ መካከል ስሟን ሲጽፍ ጠመኔው ተሰበረበት። የእሱ ስምንት ሆነ፤ የልጅቷ እዚያው ሰባት ላይ ቀረ።

«ይሄ ይበቃል?» አለች።

«አላውቅም» አለ ባለቤቴ። ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ካረፈ ወዲህ ድምፁን ላስታውስ ስል ቀድሞ የሚመጣልኝ ይኸው ቃል ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ከልጅቷ ቤተሰብ ንስሐ አባት ጋር ደጀ ሰላም ተቀመጡ። ባለቤቴም አብሮ ሄደ። እኔ ቤት ቀርቼ ያቀረብኩትን እህል ሳልነካ ቆየሁ። ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ ነገረኝ። ቄሱ፣ «በአንዱ ወገን ስምንት ከገባ ደሙ ርቋል» ብለዋል። አባቷ አንገታቸውን እንደደፉ፣ «እሺ» አሉ። አጎቶቿ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ሠርጉ በቀኑ ተደረገ። አጎቶቿ አልመጡም። ሙሽራይቱ በር በሩን ስታይ ዋለች። አባቷ ዳሱ መሀል ተቀምጠው፣ ማንንም ሳያዩ፣ የቀረበላቸውን በሉ።