ገበር የተሰፋላቸው ወረቀቶች

ባለቤቴ በአሥራ አራት ዓመቷ ሆስፒታል ገብታ ሁለት ዓመት ሙሉ በጀርባዋ ተኝታለች። የዳሌዋን አጥንት በሽታ ጎድቶት ነበር። ሐኪሞቹ ግራ እግሯን በጀሶ ጠፍረው፣ ከጫፉ አሸዋ የሞላ ከረጢት አንጠልጥለው «አትነቃነቂ» አሏት። ግራና ቀኟ ተኝተው የነበሩት ሁለት ልጆች አልተነሡም። እሷ ተነሣች፤ ስትነሣ ግን ግራ እግሯ ከቀኙ በአራት ጣት አጥሮ ነበር።

በዚያ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ እግር ይለካል። ነርሷ ሜትሩን ዘርግታ ቁጥሩን በሩ አጠገብ ለተቀመጠው ጸሐፊ ጮክ ብላ ትጠራለች። ቅዳሜ ደግሞ የጠያቂ ቀን ስለሆነ የባዳ ዘመድ ሁሉ ይሰማል። «ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ስቤ ቁጥሬ እስኪያልፍ እንደ ሬሳ እተኛ ነበር» ትላለች። መርፌ የያዘችውም እዚያው አልጋ ላይ ነው፤ የሆስፒታሉን ያረጀ አንሶላ እየጣፈች። ስትወጣ የለበሰችውን ቀሚስ ራሷ ነበረች የሰፋችው። ጠርዙን በግራ በኩል አሳጥራው ስለነበር ስትቆም ዙሪያው እኩል ነው። ስትራመድ ካላየሃት በቀር አታውቅባትም።

እኔ የዩኒቨርሲቲው በር ጠባቂ ነበርኩ። እሷ የመመገቢያ አዳራሹን የጠረጴዛ ልብስና የወጥ ቤት ሽርጥ ልትጠግን ተቀጠረች። በመጀመሪያው ቀን በደንቡ መሠረት «ቦርሳሽን ክፈቺ» አልኳት።

«መርፌ ነው ያለው፤ እንዳይወጋህ» አለችኝ።

ተወጋሁ። ይኸው አርባ ሁለት ዓመት ሆነን።

ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ኪነ ጥበብ የሚባል ትምህርት አልነበረውም። ተማሪዎች ግን ነበሩት፤ ተማሪ ባለበት ደግሞ አርፎ መቀመጥ የለም። የምግብ ጠረጴዛዎቹን ገጥመው መድረክ አደረጉና ተውኔት ሊያሳዩ ተነሡ። ልብስ የለም፣ ገንዘብ የለም። ባለቤቴ አንድ ሰኞ ወንበር ላይ ወጥታ የአዳራሹን ወፍራም ቀይ መጋረጃ ከነዘንጉ አወረደችው። ማክሰኞ የአዳራሹ ኃላፊ መጣ።

«መጋረጃዬ የት ሄደ?»

«ንጉሥ ሆኗል ጌታዬ» አለችው። «ሐሙስ ይመለሳል።»

ሰውዬው ቆጣ ሊል ብሎ ሳቁ አሸነፈው። ንብረት ነውና ግን ማስፈረም ነበረበት። ሌላ ወረቀት ስላልተገኘ በተውኔቱ ፕሮግራም ጀርባ ላይ «ልብስ አዘጋጅ» ብሎ ስሟን በታይፕ አስመታ፤ ማህተም አሳረፈበት። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ተውኔት በመጣ ቁጥር አንድ ፕሮግራም ይታተማል፣ በጀርባው ስሟ ይመታል፣ ማህተም ያርፋል፣ መጋረጃ ይወርዳል። ወረቀቱ እሷ ዘንድ ስለሚቀር በተረፈው ባዶ ቦታ የተዋንያኑን ልክ ትጽፍበታለች፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት። እንዲህ ሆኖ በስድስት ዓመት ሃያ ሦስት ተውኔት በመመገቢያ አዳራሹ ታየ። በኋላ የኪነ ጥበብ ሕንፃ ተሠራ፤ መድረክም መብራትም መጣ። እሷም እዚያ ተዛውራ ሃያ አምስት ዓመት ሰፋች።

ልክ ስትወስድ ቁጥር በአፏ አይወጣም። ለተለካው ሰው እንኳ አትነግረውም። ይህን ሕግ ከሆስፒታል ይዛው እንደወጣች አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ዋናዋ ተዋናይት ቀሚሷ አልዘጋ አላትና ነገር የሚወድ አንድ ጓደኛዋ ወደ ባለቤቴ ተጠግቶ «ወገቧ ሰፋ አይደል?» አላት።

«ጨርቁ ነው የጠበበው» አለችው። «አጥቤው ነበር።»

ልጅቷ ከሰባት ወር በኋላ ወለደች። እኔ ራሴ የሰማሁት ከሰው ነው። ዝም አይነቅዝም የምትል ሴት ናት።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በሩ ላይ የተውኔት ማስታወቂያ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ፤ ፊደል ግን አልቆጠርኩም ነበር። አንድ ቀን ገልብጬ ለጠፍኩት። ተማሪ ሲስቅ እሷ መጥታ ቀና አደረገችው፤ ማታ ቤት ስንገባም ነገሩን አላነሣችውም። በማግስቱ በአርባ ሦስት ዓመቴ ሀ ብዬ ጀመርኩ። ዛሬ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ለዚህም ነው ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የማልጠፋው።

ባለፈው ዓመት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ወንበር ስባ ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠችኝ።

«አባባ፣ የሠሩበትን ዩኒቨርሲቲ ላሳይዎት?»

በኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው እየጻፈ የሚያሻሽለው መዝገበ ዕውቀት አለ። ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ረዥም መጣጥፍ ይዟል። የምህንድስናው፣ የላቦራቶሪው፣ የተማሪው ብዛት፣ የእግር ኳስ ሜዳው ስፋት ሳይቀር ተጽፏል። ኪነ ጥበቡ ግን አራት መስመር ነው፤ የመጀመሪያው መስመር «በዩኒቨርሲቲው ኪነ ጥበብ የተጀመረው የኪነ ጥበብ ሕንፃው በተመረቀበት ዓመት ነው» ይላል።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«የመመገቢያ አዳራሹስ?»

«የለም።»

«ያ ሁሉ ልጅስ?»

«ውሃ በልቶታል።»

መኪናዋን መልሳ አስነሣች፤ ነገር ግን ስፌቱ ጠሞባት ስትተረትር አየሁ። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ቆረጥሁ፦ አዳራሹንም የእሷንም ስም እዚያ መጣጥፍ ውስጥ አስገባለሁ።

በማግስቱ በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ረዳትነት ጻፍኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። የተማርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ስጽፍ በሥርዓት ነው። ባለቤቴን «ክብርት» ብዬ፣ አንቱ ብዬ፣ የመጋረጃውን ነገር ዘርዝሬ፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ፣ ቀኑን፣ የቀድሞ ማዕረጌን አስፍሬ «ምስክር፦ ባለቤቴ» ብዬ ዘጋሁ። ሰው ለጻፈው ነገር ካልፈረመ ምኑን ሰው ሆነ?

በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። በምትኩ ከማላውቀው ሰው መልእክት መጣ፦ «ሰላም ለእርስዎ። ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ። እዚህ መጣጥፍ ላይ አይፈረምም። ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ስለ ቤተሰብም ራስ አይጽፍም፤ ማስረጃውን ለሌላ ሰው ያቀርባሉ እንጂ።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ልጅ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ዕድሜውን እንኳ አላውቅም። «እኔ የዚያ ግቢ በር ጠባቂ ነበርኩ። ማን ገባ ማን ወጣ የማውቀው እኔ ነኝ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «አከብርዎታለሁ። እኔም እዚህ በር ጠባቂ ነኝ። መታወቂያ ያሳዩኝ።»

እኔም በዘመኔ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት «መታወቂያ» ብዬ አውቃለሁ። ኮፍያዬን አነሣሁና ወጣሁ።

ባለቤቴ ታሪኩን ስትሰማ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። «ይበልህ! ስንቱን ሰው በር ላይ አቁመሃል!» አለችኝ። ከዚያ ከአልጋው ሥር ሳጥን ሳበች። በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በየዓመቱ ተለይተው፣ በክር ታስረው ፕሮግራሞቹ ሁሉ አሉ። ሃያ ሦስቱን አወጣች። የመጀመሪያው ላይ የተውኔቱ ስም፣ የተዋንያኑ ስም፣ ቀኑ፣ «በመመገቢያ አዳራሽ» የሚል ታትሟል። ከታች ደግሞ የተማሪ ነገር፣ «በመስኮቶቹ ላይ መጋረጃ ባለመኖሩ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ተዋንያኑ ለብሰውታል» ይላል።

ገለበጥኩት። ስሟ በታይፕ፣ ማህተሙ በሰማያዊ።

«አለቀ!» አልኩ። «መታወቂያሽ ይኸው!»

ያለውን ነገር ለዚያ ለማላውቀው ሰው ጻፍኩለት። እሱም በትሕትና መለሰ፦ ወረቀቶቹ ማንም ገብቶ ሊያያቸው በሚችልበት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከተቀመጡ አዳራሹን ራሱ ያስገባል፤ ስሟና ማህተሙም ከታየ ስሟንም ያስገባል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «አባባ፣ በሳጥን ያለ ወረቀት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ያምጡልኝ» አለችኝ። እየተጣደፍኩ ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ ይዛ ጠበቀችኝ።

«ፊታቸው ይሂድ» አለች። «ጀርባቸው አይሄድም።»

«ምን ማለት ነው? ወረቀት ጀርባውን ቤት ትቶ ይሄዳል እንዴ?»

«የሰው ልክ አለበት።»

«ከአርባ ዓመት በፊት የነበረ ወገብ ማን ይፈልገዋል?»

«ባለ ወገቡ። ይህቺ ዛሬ ዳኛ ናት። ይህ ደግሞ አንድ ትከሻው ወድቆ ስለነበር ጥጥ እየጨመርኩ ነበር የማስተካክልለት፤ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ስማቸው ከነቁጥራቸው ነው ያለው። ማንም እየገባ ያንብበው?»

ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። «ስምሽን ትተሽ ሌላውን ሸፍኚዋ!» አልኳት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ አሳየችኝ። በዚያ ዘመን ወረቀት ብርቅ ነበረና ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ዙሪያውን ወጥተው ማህተሙ ላይ ሳይቀር ሰፍረዋል። በስሟና በአባቷ ስም መካከል እንኳ የአንድ ሰው ዳሌ አለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያለሽ ማስረጃ ይኸው ብቻ ነው። ይህ ከተሸፈነ ስምሽ የለም፤ ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ለዘላለም!»

«አትጩህ፤ እግሬ ነው ያጠረው፣ ጆሮዬ አይደለም።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ቀጭን ነጭ ጨርቅ ዘርግታ በየወረቀቱ ልክ ስትቆርጥ አገኘኋት። ለኮት ገበር እንደሚገባው፣ ለሃያ ሦስቱም ወረቀት በጀርባቸው ገበር ልትሰፋ ነው። በእጅ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ስፌቱን አራርቃ። ዓይኗ ደክሟልና መርፌ ላይ ክር ማግባት የኔ ሥራ ሆነ። ኩርፊያዬን ሳልፈታ ነበር የማስገባላት። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የመጀመሪያው ተውኔት ወረቀት መጨረሻ ላይ ቀረ። ልትሸፍነው ስትል ያዝ አደረገችውና ስሟን በጣቷ ዳሰሰችው። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ክር» አለችኝ።

ክር ሰጠኋት።

ወረቀቶቹን አብረን ወሰድን። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አንዱን አገላብጣ ተገረመች።

«እማማ፣ ወረቀት ገበር ሲገባለት ዛሬ ገና አየሁ።»

«ብርድ እንዳይመታው ነው ልጄ።»

«ከሥሩ ምን አለ?»

«የሰው ገላ።»

ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። «አንድ ቀን ሰው ቢተረትረውስ?» አለች።

«የኔን ስፌት ተሳስቶ የሚተረትር የለም። የሚተረትር እያወቀ ነው» አለች ባለቤቴ።

ልጅቷ መዝገቡ ላይ «ሃያ ሦስት የተውኔት ፕሮግራሞች፤ ከነገበራቸው፤ ገበሩ አይፈታም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ እንድፈርም ጠየቀችኝ። እዚያ ይፈረማል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣጥፉ ተለወጠ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ለስድስት ዓመታት ሃያ ሦስት ተውኔቶች በመመገቢያ አዳራሹ ታይተዋል። አንዳንድ አልባሳት ከአዳራሹ መጋረጃዎች ይዘጋጁ ነበር።» ማን እንዳዘጋጃቸው አይልም። ያ የማላውቀው ሰው «ስማቸውን ማስገባት ባለመቻሌ አዝናለሁ» ብሎ ጽፎልኛል። በሥራው ላይ ነቀፌታ የለኝም፤ ጥሩ በር ጠባቂ ነው።

ገልብጬ ወስጄ አነበብኩላት። «ሃያ ሦስት ብሏል? አልዘለለም?» አለች። አልዘለለም አልኳት። ደስ አላት። እኔ ግን አልቻልኩም።

«እውነት አይቆጭሽም?» አልኳት።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለች።

«እንዴት አይቆጨኝም? እኔስ ሰው አይደለሁ? ስሜን ብታነብልኝ ደስ ባለኝ ነበር» አለች። «ግን ስማኝ። ልኩን ስትወስድለት ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ኩሩውም፣ ተሳዳቢውም፣ መድረክ ላይ እንደ ነጎድጓድ የሚጮኸውም፣ ሁሉም እንደ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ትንፋሹን ይውጣል። ያቺን ደቂቃ በምኑ እንደሚያፍር ታውቅበታለህ። ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስንቱ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆመልኝ። አንዱም ቆሜልሽ ተጸጸትኩ አላለኝም። ከሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።»