ባለ ሥዕሏ ተአምረ ማርያም

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ባሕር ዳር አንድ ቢሮ ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ደርሶ ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ስሜም የእናቴ ስምም የትውልድ ቦታዬም ልክ ነው፤ ፎቶዬ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ግን ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። የምታትመው ልጅ አፈረች። "ይቅርታ አባቴ፣ ፎቶው ጠፍቶ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ያለበትን ቦታ ስላላገኘው ነው" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

በእውነትም አውቃለሁ። ወጣትነቴ ያለቀው እንዲህ ካለ ሳጥን ጋር ስታገል ነው። እሷ ስታስተካክል እኔ ከግድግዳው ሥር አረፍ አልኩና ሐሳቤ ወደ ንፋስ መውጫ ነጎደ።

ያኔ የኮምፒውተር ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ብዙም አልቆየሁም። የአብያተ ክርስቲያናትን ቅርስ የሚመዘግብ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ንፋስ መውጫ ላይ ቢሮ ከፍቶ ቀጠረኝ። ሥራው ላይ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን። ትርንጎ የምትባል የታሪክ ምሩቅ ካሜራዋን አንግታ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከደብር ደብር እየዞረች መስቀሉን፣ ጽናጽሉን፣ ብራናውን ታነሳለች፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። በመጨረሻ የየደብሩ ቅርስ ከነፎቶው ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ አንዱ ቅጂ እዚያው ዕቃ ቤት ይቀመጣል ተብሎ ነበር። አንድ ቀን ቅርሱ ቢሰረቅ "የእኛ ነው" የሚባልበት ማስረጃ እንዲሆን።

ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ አስረክቦን ሄዷል። ዳታቤዙ ፎቶውን ራሱን አይዝም፤ የሚይዘው የፎቶውን ፋይል ስም ብቻ ነው። ሪፖርቱ ሲታተም ፕሮግራሙ ያንን ስም ይዞ ወደ አንድ ፎልደር ይሄድና ፎቶውን ፈልጎ ያመጣል። ችግሩ፣ ሰውየው የፎልደሩን አድራሻ የጻፈው በራሱ ላፕቶፕ ልክ ነበር። በእኛ ኮምፒውተር ሪፖርት ባወጣሁ ቁጥር ጽሑፉ ሁሉ ይመጣል፣ ፎቶው አይመጣም። ገጹ ሙሉ ባዶ ሳጥን።

ክረምቱን ከዚያ ጋር ስታገል ከረምኩ። የንፋስ መውጫ ክረምት ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ቢሮው በር ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገብ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማም፤ መብራቱ የጻፍኩትን ሳላስቀምጥ ድርግም ይላል፣ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው። ምሳዬ ከመንገዱ ማዶ የምገዛው ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ነበር። መጀመሪያ የደነዘዘ እጄን አሞቅበታለሁ፣ ከዚያ እበላዋለሁ። ጉልበቴ አልደከመም፤ የደከመው ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር መኖሩን እያወቁ ማሳየት አለመቻል ሰውን ከውስጥ ያዝላል።

ነሐሴ ሲገባደድ መላ ተገኘለት። በፋይሉ ስም ፊት የእኛን ፎልደር አድራሻ የሚቀጥል አንድ መስመር ጻፍኩና ሪፖርቱን ከፈትኩ፤ መስቀሎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ደስታዬን የምነግረው ሰው እንኳ አልነበረም፤ ትርንጎ እስቴ ነበረች። ራሴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ትንሽ ተኛሁ።

በዚያው ሰሞን ሁለት ሰዎች ከስማዳ በጭቃ ተለውሰው መጡ። አንደኛው አባ ምትኩ ነበሩ፤ የአንዲት የማርያም ደብር ቄሰ ገበዝ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ፤ ጥምጣማቸው ዝናብ የጠጣ ቀጭን ሽማግሌ። ሌላው የሰበካ ጉባኤው አባል፣ አለነ የሚባል ጎልማሳ። የደብሯ ባለ ሥዕል የብራና መጽሐፍ፣ ተአምረ ማርያም፣ ተሰርቃለች። የዕቃ ቤቱ በር አልተሰበረም፤ ስለዚህ አገሩ የጠረጠረው አባ ምትኩን ነው። አለነም የተላከው ሊያግዛቸው ሳይሆን በዓይኑ ሊጠብቃቸው እንደሆነ ከአቋቋሙ ያስታውቅ ነበር። ወደ ጋሸና በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አንዲት ባለ ሥዕል ተአምረ ማርያም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ መያዟን ሰምተው ነው የመጡት። ከፖሊስ ጣቢያ መጀመሪያ ማስረጃ አምጡ ተብለዋል።

"ልጄ፣ ያቺ ልጅ ያነሳቻት አለች?" አሉኝ አባ ምትኩ።

"አለች አባ፣ አሁን አወጣልዎታለሁ።"

የደብሯን ስም አስገባሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ መላእክት ግራና ቀኝ ቆመው፣ በጥቁርና ነጭ ታትማ ወጣች። ማኅተም አስመታሁባትና ዝናብ እንዳይነካት በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ሳይገልጡ ከነፕላስቲኩ ተሳለሟት። ሦስታችንም ወደ ጣቢያው ሄድን።

መርማሪው ብራናዋን ከወረቀቱ ጎን ገልጦ አስቀመጠ። የመላእክቱ ክንፍ፣ የሐረጉ ጠርዝ፣ ሁሉም ቁርጥ እሷ። የአለነ ፊት ፈካ። እኔም የክረምቱ ልፋቴ አንድ ነገር ላይ ዋለ ብዬ እፎይ አልኩ።

"አባ፣ ይፈርሙና ይረከቡ" አለ መርማሪው።

አባ ምትኩ ብራናዋን ሳቡና ቅጠሉን ቀስ እያሉ ገለጡ። ከዚያ ዘጉና ተሳልመው መለሷት።

"ይህች የእኛ አይደለችም።"

"እንዴት? ወረቀቱ እኮ የእናንተ ናት ይላል!" አለ መርማሪው።

"ወረቀቱ ይበል ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ስገልጣት የኖርኩትን አላውቃትም?"

አለነ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ፤ ለእኔም ተሰማኝ። "አባ፣ ምን ነካዎት? ማስረጃው ወጥቷል። ይፈርሙና እንሂድ። ስምዎም ይነጻል፣ አገሩም ያርፋል።"

"የሰው ንብረት ይዤ ገብቼ፣ በምን አፌ ልቀድስ? ይህችን ያጣ ደብር አለ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ድካም ብቻ። "ተቀላቅሎ ይሆናል። ተመልሰህ እይልኝ።"

ትርንጎ ከእስቴ ስትመለስ ወረቀቱን ገና ከማየቷ "ይቺማ የእስቴዋ ናት" አለች። የዚያ ባለሙያ መመሪያ እያንዳንዱ ፋይል በቅርሱ ስም ይሰየም የሚል ነበር፤ እንደ መስቀል ያለው ብዙ ስለሆነ ቁጥር ጨምረንበታል፣ ብራናዎቹን ግን በስማቸው ብቻ ትተናቸዋል። ካነሳቻቸው ደብሮች ባለ ሥዕል ተአምረ ማርያም የነበራቸው ሁለት ናቸው፣ የስማዳዋና የእስቴዋ። ሁለቱም ፋይሎች አንድ ስም ስለያዙ፣ ኋላ የገባው የፊተኛውን ተክቶ ተቀምጧል። ፕሮግራሙም የስማዳዋን ሲጠሩት የእስቴዋን አመጣ። ትርንጎ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በሲዲ ይዛ ነበርና አንድ በአንድ እንደገና ገለበጥናቸው፤ በየፋይሉ ስም ፊትም የደብሩን ስም ጨመርኩ።

የእስቴው ደብር ሰዎች መሰረቃቸውን እንኳ አላወቁም ነበር። ብራናቸውን ሊወስዱ ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ ሴቶቹ ጣቢያው ደጃፍ ላይ እልል ሲሉ እያለቀሱ ነበር።

ጥቅምት ላይ ትክክለኛውን ሪፖርት ይዘን ከትርንጎ ጋር ስማዳ ወረድን። በአይሱዙ ላይ እህል ተደግፈን እስከ ወገዳ፣ ከዚያ በእግር። መንገዱ ደርቋል፣ ገብሱ ቢጫ መልበስ ጀምሯል። አለነ መንገድ ላይ ተቀብሎን ከኪሱ ቆሎ እያፈሰ ይሰጠን ነበር።

"ጉባኤው ፊት ቆሜ ተናገርኩ" አለን። "የእኛዋን የሸጠ ሰው ቢሆን ኖሮ ያቺን ፈርሞ ወስዶ በተገላገለ ነበር አልኳቸው። የወሰድንባቸውን የዕቃ ቤት ቁልፍ ልንመልስላቸው ተስማማን። ቁልፉን መልሰን ብንሰጣቸው ግን አልቀበልም አሉ።"

አባ ምትኩን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አገኘናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው እያራቁ እያቀረቡ አዩት።

"ይህች ናት" አሉ። ወረቀቱን ተሳለሙና፣ "ይህች ናት" ብለው ደገሙት።

ቁልፉን ለምን እንዳልተቀበሉ ትርንጎ ደፍራ ጠየቀቻቸው።

"ደክሞኛል ልጄ" አሉ። "የተጠረጠረ ሰው ስሙ ይነጻል፤ ድካሙ ግን አብሮ አይነጻም። ወጣት ይያዘው።"

የስማዳዋ ብራና እስከማውቀው ድረስ አልተገኘችም። ፕሮጀክቱም ተዘጋ፤ ትርንጎ አግብታ ደሴ ገባች፤ አባ ምትኩ ማረፋቸውን ከአንድ የስማዳ ተማሪ ሰማሁ። እኔ በዚሁ ሙያ ቀጠልኩ። ዛሬ ወገቤ ያመኛል፣ ዓይኔም ያለ መነጽር አያነብም። አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች ሳሠለጥን ሁለት ፎቶ በአንድ ስም እንዳያስቀምጡ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ ሽማግሌው ጀመረው ይላሉ። የአባን ነገር ግን አንስቼላቸው አላውቅም። ማንሳት የምፈራው መጨረሻው ላይ ራሴን ስለማገኘው ነው። አገር ሁሉ ጠርጥሮኝ፣ ያን ሁሉ ጭቃ ረግጬ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት "ያንተ ናት" ብሎኝ፣ መርማሪው እስክሪብቶ ቢዘረጋልኝ ምን አደርግ ነበር? ዕድሜዬን ሙሉ አስቤበታለሁ። ፈርሜ የምወስዳት ይመስለኛል።