የእንግዶ ዳቦዬን የሚነቅፍ ሰው ፍለጋ

ቢቸና፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት

ስድስት ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ መናኸሪያ ደረስኩ። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነው፤ ዳቦዬን የሚነቅፍ ሰው ማግኘት። እንግዶ የሚባለውን የደጋ እህል፣ የአጃን ዘመድ፣ ከሮብ ገበያ እያስመጣሁ ሰባት ወር ሙሉ ጋገርኩ። አንዴ ከስንዴ እኩል፣ አንዴ ሲሶ፣ አንዴም ብቻውን። ውስጡ እንደ ጭቃ ይለጥፋል፤ ቅርፊቱ ጥርስ ይፈትናል። ባለቤቴና ጎረቤቶቼ ግን በአንድ አፍ "ግሩም ነው!" ይላሉ። እነሱን አምኜ የመምህርነት ሥራዬን ለቅቄ ዳቦ ቤት ልከፍት ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ተጽፎ ሰኞን ይጠብቃል። ሆዴ ግን እሺ አላለኝም።

የሚኒባሱ ረዳት "አንድ ሰው ብቻ ቀረ!" እያለ ሁለት ሰዓት አስቀመጠን፤ ያ አንድ ሰው አራት ሆኖ ገባ።

ጉንደ ወይን፣ 5 ሰዓት ገደማ

መንገዱ ወገባችንን ሲያንገጫግጨው ቆይቶ እዚህ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። እስኪቀየር አንዱን ዳቦ ቆረስኩና አጠገቤ ለተቀመጡት እማማ ሰጠሁ። ሳም አድርገው ጎረሱ። አላመጡ፣ አላመጡ።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምን ጎደለው?"

"እጅሽ ይባረክ ልጄ።"

"ጉድለቱን ነው የጠየቅሁዎ።"

"ምን ነካሽ? እህል ይነቀፋል እንዴ? ይኼ ጥጋብ ነው!" ብለው ተቆጡኝ። የተረፋቸውን ግን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ለበጋቸው ሊሰጡት ሳይሆን አይቀርም።

ሞጣ፣ 8 ሰዓት

አክስቴ ሙሽራን እንኳ ፊት ለፊት የምትነቅፍ ሴት ናት። "ከስተሻል፣ ጠቁረሻል፣ ጫማሽም አያምርም" ብላ ተቀበለችኝ። ደስ አለኝ፤ የምፈልጋትን ሰው አገኘሁ ብዬ ዳቦውን አቀረብኩላት።

"ይኼማ ግሩም ነው!" አለች።

ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

በንዴት ወጥቼ ገበያው አጠገብ ወዳለ ዳቦ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ እስከ ክርናቸው ዱቄት የለበሱ አዛውንት ናቸው። ዳቦዬን በጣታቸው ጫን አሉት፤ ተመልሶ አልተነሳም። አሸተቱት፣ ቀመሱት።

"እባክዎ፣ እህል አይነቀፍም እንዳይሉኝ!"

"አይነቀፍማ! እህሉ ምን አጠፋ? ያጠፋሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ። "እንግዶ እንደ ስንዴ አይለጠጥም። አንቺ እንደ ስንዴ አሽተሽ፣ በኃይለኛ እሳት ጋግረሽ፣ በትኩሱ ጠቅልለሽዋል። ለመሆኑ ለእንጀራ አብሲት አትጥይም?"

"እጥላለሁ።"

"ታዲያ ለዚህ ምነው ነፈግሽው? ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሰሽ በፈላ ውኃ አማስይው፤ ሲበርድ መልሰሽ ጨምሪው። ያኔ ይያያዛል። ከጋገርሽው በኋላም አሳድሪው።"

የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ለእንጀራ ሁልጊዜ የማደርገውን ነገር ለዳቦ ሳላስበው ሰባት ወር ደከምኩ። በራሴም በአወዳሾቼም ተናደድኩ።

ቢቸና፣ እሑድና ሰኞ

እሑድ ረፋድ ላይ ቤቴ ገባሁ፤ ጋሽ ሰይድ እንዳሉኝ አድርጌ ማታ ጋገርኩ። ሰኞ ማለዳ ስቆርሰው ቢላዋው ላይ አልተጣበቀም። ለባለቤቴ ሰጠሁት።

"ግሩም ነው" አለ፣ ገና ሳይውጠው።

"ስለ እህሉ አልጠየቅኩህም! ስለ እኔ እጅ ነው የጠየቅኩህ። ደብዳቤውን ዛሬ ላስገባ ነው፤ ከዋሸኸኝ አብረን ነው የምንራበው።"

አላምጦ ዋጠ። ከዚያ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ።

"ጨው አንሶታል" አለ። "የበፊቶቹን ደግሞ... መዋጥ አቅቶኝ ነበር።"

ከሞጣ ይዤ የተመለስኩት አብሲቱን ብቻ አይደለም፤ ሰውን እንዴት እንደሚጠይቁትም ተምሬያለሁ። ያ ሁሉ ሙገሳ ሲያናድደኝ ከርሞ፣ በዚህች ነቀፋ እንባዬ መጣ። ደብዳቤውን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጨው ጨምሬ እንደገና አቦካሁና፣ ጠመኔዬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።